የሁለት ሀገራትን የተተከለ ደን ስፋት በዓመታት ውስጥ እንዴት እናወዳድራለን? (ኢትዮጵያንና ኬንያን ይዞ የሚሠራ መመሪያ)

«ከኬንያ ጋር ስንተያይ የተከልነው ደን ምን ያህል ነው? ባለፉት 30 ዓመታት ማን ቀደመ?» ይህን ጥያቄ ከሱሉታ፣ ከሆለታ፣ ከሰበታና ከለገጣፎ የሚመጡ የግብርና ባለሙያዎች፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የያዙ ተማሪዎችና የችግኝ ጣቢያ ሠራተኞች ደጋግመው ያቀርቡልናል። አብዛኞቹ ሁለት ቁጥር ይዘው ይመጣሉ፤ አንዱ ከዜና የተወሰደ ነው፣ ሌላው ከአንድ ድረ ገጽ። ሁለቱም ቁጥሮች ለየብቻቸው ልክ ሊሆኑ ይችላሉ። ችግሩ የሚመጣው ጎን ለጎን ሲቀመጡ ነው፤ አንዱ የቆጠረውን ሌላው አልቆጠረውም። ስለዚህ ከዚህ በታች ካለው ሥራ የሚበዛው ቁጥሮቹን ከማስላት በፊት የሚሠራ ነው። ስሌቱ ራሱ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም።

እዚህ የተጻፉ ዓመታት «ዓ.ም.» ካልተባሉ በስተቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- ኤክሴል ወይም ተመሳሳይ ሠንጠረዥ የሚሠራ ኮምፒውተር። ስልክም ይሠራል፣ ግን ዓምዶቹ ስለሚጠቡ ስህተት ይበዛል።
- የተባበሩት መንግሥታት የምግብና እርሻ ድርጅት (ፋኦ) የዓለም ደን ሀብት ግምገማ፣ የሁለቱም ሀገራት የሀገር ሪፖርት፣ ከአንድ እትም።
- የሁለቱም ሀገራት ብሔራዊ የደን ትርጓሜ።
- ቀንና ዓመት ወደ አውሮፓውያን የሚቀይር ካሌንደር።
- ጉግል ኧርዝ፣ የድሮ ምስሎችን ወደ ኋላ የሚያሳየው የኮምፒውተሩ ዓይነት።
- ለመስክ ማጣሪያ ጂፒኤስ ያለው ስልክ፣ 50 ሜትር ሜትሮ፣ ደብተርና እርሳስ። እስክሪብቶ ዝናብ ላይ ይደበዝዛል።

ደረጃ 1፦ ጥያቄውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

ዓረፍተ ነገሩ አራት ነገር ይያዝ፦ ምን እንደሚለካ፣ በምን መለኪያ፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ እና «በለጠ» ስትሉ በስፋት ነው፣ በዕድገት ፍጥነት ነው ወይስ ከአጠቃላይ ደኑ ባለው ድርሻ። ለምሳሌ፦ «ከ1990 እስከ 2020 ባለው ጊዜ የኢትዮጵያና የኬንያ የተተከለ ደን በሺህ ሄክታር ምን ያህል ተለወጠ፣ በዓመትስ በስንት በመቶ?»

ይህን መጀመሪያ ላይ መጻፍ የሚያስፈልገው በሦስቱ መንገዶች ሦስት የተለያየ «አሸናፊ» ሊወጣ ስለሚችል ነው። ቁጥሩን ካያችሁ በኋላ መለኪያ ከመረጣችሁ ሳታውቁት የምትወዱትን መልስ ትመርጣላችሁ።

ደረጃ 2፦ «ደን» የሚባለው ምን እንደሆነ ለእያንዳንዱ ምንጭ መዝግቡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ደረጃ ይህ ነው፤ ከፍተኛው ስህተት የሚመጣውም ከዚሁ ነው። ሦስቱን ትርጓሜዎች በሠንጠረዣችሁ የመጀመሪያ ገጽ ላይ አስቀምጡ፦

- ፋኦ፦ ከ0.5 ሄክታር በላይ ስፋት፣ ከ5 ሜትር በላይ ቁመት፣ ከ10 በመቶ በላይ የዛፍ ጥላ ሽፋን (ከመሬቱ በዛፎቹ ቅርንጫፍና ቅጠል የሚሸፈነው)።
- ኢትዮጵያ፦ ቢያንስ 0.5 ሄክታር፣ ቢያንስ 2 ሜትር፣ ቢያንስ 20 በመቶ።
- ኬንያ፦ ቢያንስ 0.5 ሄክታር፣ ቢያንስ 2 ሜትር፣ ቢያንስ 15 በመቶ።

በቁመት የኢትዮጵያ መስፈርት ከፋኦው ይላላል፣ በጥላ ሽፋን ደግሞ ይጠብቃል። ስለዚህ የኢትዮጵያን ቁጥር ከብሔራዊ ሰነድ፣ የኬንያን ከፋኦ ወስዶ ማወዳደር አይቻልም። ኢትዮጵያና ኬንያ በየራሳቸው ብሔራዊ ትርጓሜ ሲቀመጡም በ15 እና በ20 በመቶ መካከል ያለው ሳሳ ያለ ደን በኬንያ ይቆጠራል፣ በኢትዮጵያ አይቆጠርም።

ከዚሁ ጋር «የደን ሽፋን»ንና «የዛፍ ሽፋን»ን ለዩ። በኬንያ የ2021 ብሔራዊ የደን ሀብት ግምገማ የዛፍ ሽፋኑ 12.13 በመቶ፣ የደን ሽፋኑ 8.83 በመቶ ነው። ሀገሩ አንድ፣ ጥናቱ አንድ፣ ቁጥሩ ግን ሁለት ነው፤ የዛፍ ሽፋኑ በእርሻና በከተማ ውስጥ ያሉ ዛፎችንም ይጨምራል። የኬንያን 12.13 በመቶ ከኢትዮጵያ የደን ሽፋን ጋር ያስቀመጠ ሰው ገና ከመነሻው ተሳስቷል።

0.5 ሄክታር በዓይን ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ፣ አራት ማዕዘን ከሆነ እያንዳንዱ ጎን 71 ሜትር ያህል ነው። በብዙ አካባቢ አንድ ጥማድ ሩብ ሄክታር ስለሚሆን ሁለት ጥማድ ማለት ነው (ጥማድ ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ በሜትር አረጋግጡ)። በረድፍ የተተከለ ዛፍ በፋኦ ደንብ የሚቆጠረው ስፋቱ ከ0.5 ሄክታር፣ ወርዱ ደግሞ ከ20 ሜትር ሲበልጥ ነው። በሱሉታና በሰንዳፋ መንገድ የምታዩት በማሳ ድንበር ላይ በአንድና በሁለት ረድፍ የቆመ ባህር ዛፍ፣ እንዲሁም በጓሮ ያለ 20 በ30 ሜትር የባህር ዛፍ ቁራጭ ለባለቤቱ ትልቅ ሀብት ቢሆንም በዚህ ቆጠራ ውስጥ የለም። «የኛ አካባቢ ሁሉ ዛፍ ሆኖ ሳለ ቁጥሩ እንዴት አነሰ?» ለሚለው ጥያቄ አንዱ መልስ ይህ ነው።

ደረጃ 3፦ «የተተከለ» የሚለውንም ወስኑ

በፋኦ አከፋፈል ደን መጀመሪያ ለሁለት ይከፈላል፦ በተፈጥሮ የታደሰና የተተከለ። የተተከለው ደግሞ ለሁለት ይከፈላል፦ ፕላንቴሽን (አንድ ወይም ሁለት ዝርያ ያለው፣ በአንድ ዕድሜ የቆመ፣ በእኩል ርቀት የተተከለ፣ በጥብቅ እንክብካቤ የሚያዝ) እና ሌላ የተተከለ ደን። አንድ ቦታ «የተተከለ» የሚባለው ዛፎቹ ሲጎለምሱ ከእንጨት ክምችቱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በተከላ ወይም ታስቦ በተዘራ ዘር ከመጣ ነው።

አጠራጣሪ ጉዳዮች እንዲህ ይፈታሉ፦

- ተቆርጦ ከጉቶው ያቆጠቆጠ ባህር ዛፍ፦ መጀመሪያ የተተከለ እስከሆነ ድረስ የተተከለ ደን ነው።
- አሁን የተጨፈጨፈ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ መልሶ ደን ይሆናል ተብሎ የሚጠበቅ ቦታ፦ ባዶ ቢመስልም ደን ነው።
- ዘንድሮ የተተከለ፣ ጉልበት ያልደረሰ ችግኝ፦ በቦታው ላይ አድጎ መስፈርቱን የሚያሟላ ከሆነ ይቆጠራል።
- በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብቻ በችግኞቹ መሐል ሰብል የሚዘራበት፦ ይቆጠራል። በአዊ ዞን ዲከረንስ የተባለው የግራር ዝርያ ሲተከል በመሐሉ ጤፍ የሚዘራበት አሠራር፣ በኬንያም በመንግሥት ደን ውስጥ አርሶ አደሮች ችግኝ እየተንከባከቡ ሰብል የሚያመርቱበት አሠራር እዚህ ውስጥ ይገባሉ።
- ማንጎ፣ አቮካዶ፣ የዘይት ዘንባባ፣ በጥላ ዛፍ ሥር የሚለማ ቡና፦ አይቆጠሩም፤ መሬቱ ለእርሻ የዋለ ነው። የጎማ ዛፍ ግን ይቆጠራል።
- ከመብሰሉ የተነሳ ተተከለ ወይስ በተፈጥሮ በቀለ ተብሎ መለየት የማይቻል ደን፦ በተፈጥሮ የታደሰ ተብሎ ይመዘገባል። እንደ መናገሻ ሱባ ባሉ፣ የተፈጥሮም የተተከለም ጥድ ባለባቸው ደኖች ይህ ደንብ በቀጥታ ይሠራል።

ፕላንቴሽንና ሌላ የተተከለ ደንን በሁለት ዓምድ ለዩ። በፋኦ የ2020 ግምገማ በዓለም ከነበረው 294 ሚሊዮን ሄክታር የተተከለ ደን ፕላንቴሽን የሆነው 131 ሚሊዮኑ ነው። ድርሻው ግን በደቡብ አሜሪካ 99 በመቶ ሲሆን በአውሮፓ 6 በመቶ ብቻ ነው። «ፕላንቴሽን» የሚለውን ቁጥር ከአንዱ ሀገር፣ «የተተከለ ደን» የሚለውን ከሌላው የወሰደ ሰው ምን ያህል ሊስት እንደሚችል ከዚህ ይታያል።

ደረጃ 4፦ ሁሉንም ዓመት ከአንድ እትም ውሰዱ

በፋኦ የደን ሀብት ግምገማ ድረ ገጽ ሀገር ምረጡና የሀገሩን ሪፖርት አውርዱ። የሚያስፈልጋችሁ ሁለት ሠንጠረዥ ነው፦ 1ኤ (የደን ስፋት) እና 1ቢ (የደን ባሕርያት፤ የተተከለው እዚህ ውስጥ ነው)። በ2020ው እትም 1990፣ 2000፣ 2010፣ 2015 እና እስከ 2020 ያሉት ዓመታት አንድ ላይ ቀርበዋል።

ማስጠንቀቂያ፦ የ2010ን ቁጥር ከ2010 እትም፣ የ2020ን ከ2020 እትም እየወሰዳችሁ መስመር አትሥሩ። የኢትዮጵያ አጠቃላይ ደን በ2010 እትም 12 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ነበር። በ2020 እትም 17 ሚሊዮን ገደማ ነው። ሁለቱን ያገናኘ ሰው በአሥር ዓመት 5 ሚሊዮን ሄክታር ደን የተጨመረ ይመስለዋል። የተለወጠው ግን የመለኪያ ዘዴውና መነሻ ካርታው ነው፤ የ2020ው እትም የራሱን ቁጥሮች ወደ ኋላ ስታነቡ ደኑ በየዓመቱ ሲቀንስ ታገኛላችሁ። አዲስ እትም በወጣ ቁጥር ያለፉት ዓመታት ቁጥሮችም ተከልሰው ይወጣሉ፤ ስለዚህ አዲሱን ስትወስዱ አሮጌውን ሙሉ በሙሉ ተዉት። የእትሙን ዓመት በሠንጠረዡ ራስጌ ላይ ጻፉ።

ደረጃ 5፦ ሠንጠረዡን ሥሩ

ለእያንዳንዱ ሀገር ስድስት ዓምድ ይብቃችሁ፦ ዓመት፣ አጠቃላይ ደን፣ የተተከለ ደን በድምር፣ ከዚያ ውስጥ ፕላንቴሽን፣ ከዚያ ውስጥ ሌላ የተተከለ፣ ማስታወሻ። ቁጥሮቹን ስትገለብጡ ሁለት ድምር አረጋግጡ፦ ፕላንቴሽንና ሌላ የተተከለ ሲደመሩ የተተከለውን መስጠት አለባቸው፤ የተተከለውና በተፈጥሮ የታደሰው ሲደመሩ አጠቃላይ ደኑን መስጠት አለባቸው። ካልሰጡ ወይ ረድፍ ዘላችኋል ወይ ከሌላ እትም ቀላቅላችኋል።

የፋኦ ቁጥሮች በሺህ ሄክታር ናቸው። ዓለም ባንክ ደግሞ የደን ስፋትን በካሬ ኪሎ ሜትር ያወጣል። 1 ካሬ ኪሎ ሜትር 100 ሄክታር ስለሆነ አንድ ሺህ ሄክታር 10 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ባዶ ሕዋስና ዜሮም አንድ አይደሉም፦ ዜሮ «የለም» ማለት ነው፣ ባዶ «አልተዘገበም» ማለት ነው። ባዶውን ዜሮ ካደረጋችሁት አማካዩም ዕድገቱም ይበላሻል።

ደረጃ 6፦ የተለካውን ዓመት ከተሞላው ዓመት ለዩ

አንድ ሀገር በየዓመቱ ደኑን አይለካም። በሁለት ልኬቶች መካከል ያሉት ዓመታት በቀጥታ መስመር ይሞላሉ፣ ከመጨረሻው ልኬት በኋላ ያሉትም በዚያው ፍጥነት ይቀጥላሉ። ይህ የተፈቀደ አሠራር ነው፤ አደጋው አንባቢ የተሞላውን እንደ ልኬት ሲወስደው ነው።

ማጣሪያው ቀላል ነው። በማስታወሻ ዓምዱ አጠገብ የየዓመቱን ልዩነት አስሉ። ልዩነቱ ዓመት ከዓመት አንድ ዓይነት ከሆነ ተሞልቷል ማለት ነው። በኢትዮጵያ አጠቃላይ ደን በ2020 እትም ልዩነቱ በየዓመቱ 73 ሺህ ሄክታር ገደማ ቅነሳ ሆኖ ይደጋገማል። መነሻው ከ2000 እስከ 2013 ያለውን ጊዜ የሸፈነ ጥናት ነው፤ በዓመት 92 ሺህ ሄክታር ደን ጠፋ፣ 19 ሺህ ተጨመረ፣ የተጣራው ቅነሳ 73 ሺህ። ስለዚህ ከዚያ ተከታታይ ቁጥር «በ2018 ቅነሳው በረደ» ወይም «በ2019 ተባባሰ» የሚል ነገር ማውጣት አይቻልም፤ መስመሩ ስለነዚያ ዓመታት የራሱ መረጃ የለውም።

በ1ቢ ላይም ተመሳሳዩን ለተተከለው ደን ሥሩ። ከዚያ የሪፖርቱን ሐተታ አንብቡ፤ ምን ካርታ ወይም ቆጠራ እንደተጠቀሙ፣ የሀገሩን አከፋፈል ወደ ፋኦ እንዴት እንደቀየሩ እዚያ ተጽፏል። በማስታወሻ ዓምዱ ላይ «ልኬት»፣ «መሐል የተሞላ»፣ «ወደፊት የተቀጠለ» እያላችሁ ጻፉ።

ደረጃ 7፦ ዓመተ ምሕረቱን አስተካክሉ

ፋኦ በአውሮፓውያን ዓመት ይሠራል። የኛ የሥራ ሪፖርቶች ደግሞ በበጀት ዓመት ናቸው፤ ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30። ችግኝ ተከላ የሚውለው በሰኔ፣ በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ የአንድ ክረምት ተከላ ለሁለት የበጀት ዓመት ይከፈላል ማለት ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን የተካሄደው ሀገር አቀፍ ተከላ የሚገባው በ2012 በጀት ዓመት ነው፤ በአውሮፓውያን ግን ሐምሌ 29 ቀን 2019 ነበር። «2012» የሚለውን አይቶ ስምንት ብቻ ደምሮ 2020 ያለ ሰው አንድ ዓመት ይስታል።

ደንቡ ይህ ነው፦ የበጀት ዓመት ቁጥር ካላችሁ ወር በወር ያለውን ዝርዝር ጠይቁና በክረምቱ ሰብስቡት፣ ከዚያ ክረምቱን ለዋለበት የአውሮፓውያን ዓመት ስጡት። የኬንያ በጀት ዓመትም ከሐምሌ እስከ ሰኔ (በአውሮፓውያን) ስለሆነ ለእሱም ተመሳሳዩን ጥንቃቄ አድርጉ።

ደረጃ 8፦ አስሉ

አራት ነገር አስሉ። ለልምምድ ሁለት ምናባዊ ሀገሮች እንውሰድ፤ ቁጥሮቹ የማንም ሀገር አይደሉም፣ በሺህ ሄክታር ናቸው።

ሀገር ሀ፣ የተተከለ ደን፦ በ1990 200፤ በ2000 240፤ በ2010 400፤ በ2020 500። አጠቃላይ ደኑ በ1990 10,000፤ በ2020 8,500።
ሀገር ለ፣ የተተከለ ደን፦ 600፤ 660፤ 720፤ 750። አጠቃላይ ደኑ በ1990 3,000፤ በ2020 3,300።

ሀ) የስፋት ለውጥ። ከመጨረሻው የመጀመሪያውን ቀንሱ። ሀገር ሀ 300 ሺህ፣ ሀገር ለ 150 ሺህ ሄክታር ጨምረዋል።

ለ) ዓመታዊ የዕድገት መጠን። ቀመሩ (የመጨረሻው ÷ የመጀመሪያው) ^ (1 ÷ የዓመታት ብዛት) − 1 ነው። ሀገር ሀ በዓመት 3.1 በመቶ፣ ሀገር ለ 0.75 በመቶ ገደማ። ጠቅላላ ዕድገቱን (150 በመቶ) በ30 አካፍሎ «በዓመት 5 በመቶ» ማለት ስህተት ነው፤ የየዓመቱ ጭማሪ በቀደመው ላይ እየተደረበ ስለሚሄድ ቁጥሩ ይጋነናል።

ከዚያ በየአሥር ዓመቱ ለየብቻ አስሉ። ሀገር ሀ፦ 1.84፣ 5.24፣ 2.26 በመቶ። ሀገር ለ፦ 0.96፣ 0.87፣ 0.41 በመቶ። የ30 ዓመቱ አማካይ ብቻ ቢጻፍ ሀገር ሀ በመሐል ፈጥኖ በኋላ መቀዝቀዙ አይታይም ነበር።

ሐ) ከአጠቃላይ ደን ያለው ድርሻ። ሀገር ሀ ከ2 ወደ 5.9 በመቶ፣ ሀገር ለ ከ20 ወደ 22.7 በመቶ። እዚህ ላይ ቆም በሉ። ሀገር ሀ በ30 ዓመት አንድ ችግኝ ባይተክል እንኳ ድርሻው ከ2 ወደ 2.44 በመቶ (200 ÷ 8,200) ይወጣ ነበር፤ አካፋዩ ስላነሰ ብቻ።

መ) የተፈጥሮው ደን። ከአጠቃላይ ደን የተተከለውን ቀንሱ። ሀገር ሀ ከ9,800 ወደ 8,000 ወረደ፤ 1 ሚሊዮን 800 ሺህ ሄክታር አጣ። ሀገር ለ ከ2,400 ወደ 2,550 ወጣ። በተከላ ብቻ ስትመለከቱ ሀገር ሀ እጅግ የቀደመ ነበር። ይህን አራተኛ ስሌት ሳትሠሩ ውጤት ለማንም አትስጡ፤ የተተከለው ደን መስፋት የተፈጥሮውን መጥፋት ሊሸፍን ስለሚችል ነው።

ኢትዮጵያ በስፋት የኬንያን ሁለት እጥፍ ገደማ ስለሆነች በሄክታር ብቻ ማወዳደር ብዙ አይነግርም። የተተከለውን ደን ለሀገሪቱ የመሬት ስፋት አካፍላችሁ ሌላ ዓምድ ጨምሩ።

ደረጃ 9፦ በሳተላይትና በእግር አጣሩ

የሀገር ቁጥርን ከአንድ መንደር ማረጋገጥ አይቻልም። የዚህ ደረጃ ጥቅም ሌላ ነው፦ የትኛው ዓይነት ቦታ በሳተላይት እንደሚሳት በዓይናችሁ ታያላችሁ፣ ከዚያ ሌላ ሰው የሠራውን ካርታ ስታነቡ አትታለሉም። ለዚህ የአዲስ አበባ ዳርቻ ምቹ ነው፤ እንጦጦ፣ ሱሉታ፣ ወጨጫና መናገሻ በአንድ ቀን የሚደረስባቸው ናቸው።

በመጀመሪያ በጉግል ኧርዝ 5 በ5 ኪሎ ሜትር ቦታ ከልሉና በእኩል ርቀት 100 ነጥብ አስቀምጡ። ምስሉ የጥርና የየካቲት ይሁን። በክረምት ደመና አለ፣ በመስከረም ደግሞ ሣሩም ሰብሉም አረንጓዴ ስለሆነ ከዛፍ ጋር ይቀላቀላል። በበጋ ሣርና ገለባው ሲደርቅ ባህር ዛፉና ጥዱ አረንጓዴ ሆነው ይለያሉ። እያንዳንዱን ነጥብ «ደን»፣ «ከ0.5 ሄክታር ያነሰ ዛፍ»፣ «ሌላ» ብላችሁ መዝግቡ፤ ከዚያ የአሥር ዓመት የቀደመ ምስል ከፍታችሁ ያንኑ ነጥብ ድገሙ። ከ100 ነጥብ 20ው ደን ቢሆን እውነተኛው መጠን ከ12 እስከ 28 በመቶ ባለው ውስጥ ነው ማለት ይቻላል። 400 ነጥብ ብታደርጉት ክልሉ ከ16 እስከ 24 ይጠባል። በ100 ነጥብ የ3 በመቶ ለውጥ አገኘሁ ማለት አይቻልም።

ቀጥሎ ከነጥቦቹ 15 ያህሉን በእግር ሂዱ። በተለይ በምስሉ «ጠፍቷል» የሚመስሉትን ምረጡ። ሁለት ነገር ታገኛላችሁ። በአንዳንዱ ባህር ዛፉ ለአጠና ተቆርጦ ጉቶው አቆጥቁጧል፤ ይህ ደን ነው፣ ምንም አልጠፋም። በሌላው መሬቱ ተሸንሽኖ ቤት ወይም መጋዘን ተሠርቶበታል፤ ይህ እውነተኛ የደን መጥፋት ነው፣ የመሬቱ አገልግሎት ተለውጧልና። ከላይ ሲታዩ ሁለቱም በመጀመሪያው ዓመት ባዶ መሬት ናቸው።

የዛፍ ሽፋን ለውጥን በሳተላይት በሚያሳየው ግሎባል ፎረስት ዋች ድረ ገጽ ላይ የምታገኙት የዛፍ ሽፋን መጥፋት መረጃም ይህንኑ ችግር ይዟል፦ ቆረጣንና መንጠራን አይለይም። የሚሠራው ከ2001 ጀምሮ፣ ከ5 ሜትር በላይ ለሆኑ ዛፎች ነው፣ ድረ ገጹ ሲከፈት የሚያሳየው 30 በመቶ ጥላ ያለውን ነው። መረጃው የሚወጣበት የላንድሳት ሳተላይት ምስል እያንዳንዱ ፒክስል (የምስሉ ትንሿ ካሬ) 30 በ30 ሜትር ስለሆነ 0.5 ሄክታር ማለት አምስት ወይም ስድስት ፒክስል ብቻ ነው፤ ጥቃቅን የባህር ዛፍ ይዞታ በቀላሉ ይሳታል። ከ2011 ወዲህ ያለው የመለየት ዘዴ ስለተሻሻለ የድሮውንና የቅርቡን ዓመታት በቀጥታ ማወዳደርም ያሳስታል። በኬንያ ከየካቲት 2018 እስከ 2023 በመንግሥትና በማኅበረሰብ ደኖች ቆረጣ ታግዶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ውሳኔ የሳተላይቱን መስመር ያንቀሳቅሳል፣ የተተከለ ደኑን ስፋት ግን የግድ አይለውጥም።

ችግኝን ወደ ሄክታር ስለመቀየር

ከሁሉ በላይ የምንጠየቀው ይህንን ነው። በ2 በ2 ሜትር ርቀት አንድ ሄክታር 2,500 ችግኝ፣ በ1 በ1 ሜትር 10,000፣ በ3 በ3 ሜትር 1,111 ይይዛል። ስለዚህ አንድ ሚሊዮን ችግኝ እንደ ርቀቱ 400፣ 100 ወይም 900 ሄክታር ነው። ርቀቱ ያልተጻፈበት የችግኝ ቁጥር ወደ ስፋት አይቀየርም፤ ከሞላ ጎደል እንኳ አትገምቱ።

የጽድቀት መጠንን በስፋት ላይ ማባዛትም ስህተት ነው። በ2 በ2 የተተከለ 400 ሄክታር 60 በመቶ ቢጸድቅ በሄክታር 1,500 ችግኝ ይቀራል። ሞቱ የተበታተነ ከሆነ ቦታው አሁንም 400 ሄክታር ነው፣ የሳሳው ብዛቱ ነው። አንድ ጥግ ሙሉ በሙሉ ከሞተ ግን ያን ጥግ በጂፒኤስ ዞራችሁ ለኩና ቀንሱ። ስለዚህ «ስንት በመቶ ጸደቀ?» ከማለት ይልቅ «የት ነው የሞተው?» ብላችሁ ጠይቁ።

ከስፋቱ የሚወጡ ሦስት ነገሮች አሉ፦ በሞተው ምትክ የተተከለ (ያው ቦታ ሁለቴ ይቆጠራል)፣ በቆመ ደን ውስጥ ለማበልጸግ የተተከለ (ቦታው ቀድሞም ደን ነው)፣ እና የፍራፍሬ፣ የቡናና የመኖ ችግኝ።

ደረጃ 10፦ ውጤቱን ጻፉ

ቁጥሩ ብቻውን አይውጣ። ከሥሩ አምስት ነገር ይኑር፦ የእትሙ ዓመት፣ የደን ትርጓሜው፣ «የተተከለ» ወይስ «ፕላንቴሽን» መሆኑ፣ የትኞቹ ዓመታት የተለኩ እንደሆኑ፣ እና የተፈጥሮ ደኑ በዚያው ጊዜ የሄደበት አቅጣጫ። ግራፍ ካወጣችሁ ለሁለቱም ሀገር ወደ ላይ የሚቆመው የቁጥር መስመር አንድ ዓይነት ይሁን፣ ከዜሮም ይጀምር፤ የተለኩትን ዓመታት በነጥብ፣ የተሞሉትን በተቆራረጠ መስመር አሳዩ።

ተደጋጋሚ ስህተቶችና ምልክታቸው

- መስመሩ በአንድ ዓመት በድንገት ከዘለለ፦ ሁለት እትም ተቀላቅሏል፣ ወይም ትርጓሜ ተለውጧል። ደረጃ 4ን ድገሙ።
- አንዱ ሀገር ከሌላው አሥር ወይም መቶ እጥፍ ገደማ ከሆነ፦ ሄክታርና ካሬ ኪሎ ሜትር ተምታተዋል።
- ፕላንቴሽን ከተተከለ ደን በልጦ ከተገኘ፦ ዓምዶቹ ተለዋውጠዋል፤ ፕላንቴሽን የተተከለው አካል ነው።
- የተተከለው ደን ከአንድ ትልቅ የተከላ ዘመቻ በኋላ በሠንጠረዡ ላይ ካልተንቀሳቀሰ፦ ምናልባት ያ ዓመት ወደፊት የተቀጠለ ነው። ዘመቻው አልሠራም የሚል ድምዳሜ አትስጡ፤ ተሳክቷልም አትበሉ። ቀጣዩ ልኬት እስኪወጣ ያን ዓመት ከንጽጽሩ አውጡት።
- የመስክ ልኬታችሁ በጥቅጥቅ ዛፍ ሥር በዞራችሁ ቁጥር የሚለያይ ከሆነ፦ የስልክ ጂፒኤስ በገላጣ ሜዳ በ5 ሜትር ገደማ ይሳሳታል፣ በጥላ ሥር ይብሳል። ጥጎቹን ከጥላው ወጣ ብላችሁ ያዙ፣ ለትንንሽ ቦታ ደግሞ ሜትሮውን ተጠቀሙ።